ዶክተር አምባቸው ከሰኔ 15 በፊትም ነበሩ

በየዓመቱ ሰኔ 15 ሲቃረብ ስልካችን ይሞላል። የሻማ ምስል፣ የባሕር ዳሩ ቢሮ፣ «ማን ገደላቸው?»፣ «ማን አስገደላቸው?» የሚል ክርክር። ሁለት ቀን እንሰዳደባለን። ሰኔ 17 ላይ ደግሞ የብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ መሞቻ ቀን ይመጣና ክርክሩ እንደገና ይነሣል። ከዚያ በኋላ እስከ ከርሞ ዝም ነው።

ዛሬ ስለ አሟሟታቸው አልጽፍም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ እኛ የጋይንት ሰዎች ስለ ዶክተር አምባቸው መኮንን ኑሮና ሥራ ለልጆቻችን ምን እንነግራቸዋለን?

የሚታወቀውን በአጭሩ ላስቀምጥ። የጋይንት ልጅ ናቸው። ጋይንት ማለት ዝናብ ሲያጥር ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የሚከርምበት አገር ነው። ከዚህ አፈር የወጡት ሰው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በደቡብ ኮሪያ፣ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬታቸውን በእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። በ2009 የከተማ ልማትና ቤቶች ሚኒስትር፣ በ2010 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ቀጥሎ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሆኑ። የካቲት 29 ቀን 2011 አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ከርዕሰ መስተዳድርነት ሲለቁ የክልሉ ምክር ቤት እሳቸውን ሾመ። ሰኔ 15 ምሽት ቢሯቸው ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። አብረዋቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ሞቱ፤ አቶ ምግባሩ ከበደም በቁስላቸው ምክንያት ሰኔ 17 አረፉ።

ከሹመት እስከ ሞት 106 ቀን ነው። በነዚያ 106 ቀናት አጣዬና ከሚሴ አካባቢ ደም ፈሰሰ፣ በመተከል ግጭት ተነሣ፣ በጃዊ የጉሙዝ ወገኖቻችን ተገደሉ። ርዕሰ መስተዳድሩ በእያንዳንዱ ላይ ምን ወሰኑ? ማንን ሰሙ? የቱ ላይ ትክክል ነበሩ፣ የቱ ላይ ዘገዩ? አንድን የክልል መሪ መመዘኛው ይህ ነበር። እኛ ግን የምንከራከረው በመጨረሻዋ ምሽት ብቻ ነው። ጥይቱ ሰውየውን ብቻ አይደለም የገደለው፤ ሥራቸውንም ከጥያቄያችን አውጥቶታል።

ሌላ አገር እንይ። ሰኔ 7 ቀን 2017 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ወይዘሮ ሜሊሳ ሆርትማን ከባለቤታቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ፖሊስ መስሎ በሌሊት የመጣ ሰው ነው የገደላቸው። ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ስለሆነ ወሬው እኛም ዘንድ ቶሎ ደርሷል። እዚያም ሰው አለቀሰ፣ የሴራ ወሬም ተወራ። ነገር ግን የሴትዮዋን ሕይወት ማወቅ የፈለገ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። ጠበቃ ነበሩ። ለግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 በሦስተኛው አሸነፉ። በ2019 አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ2023 በእሳቸው አፈ ጉባኤነት የተማሪዎች ቁርስና ምሳ በነፃ እንዲሆን የሚያዘው ሕግ ወጣ። ከሞታቸው ጥቂት ቀን በፊት ደግሞ የበጀቱን ስምምነት ለማዳን ሲሉ፣ ሰነድ የሌላቸው አዋቂ ስደተኞች ያገኙት የነበረውን የጤና መድን የሚያስቀር ሕግ ደገፉ። ከምክር ቤቱ የፓርቲያቸው አባላት ያንን የደገፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚህ ድምፅ የተቀየመ ሰው ዛሬም ስማቸውን ጠርቶ «ይህን አጥፍተዋል» ማለት ይችላል። የወደዳቸውም «ይህን ሠርተዋል» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት በተመዘገበ ሥራ ላይ ነው።

አሜሪካን ለማሞገስ አይደለም ይህን የማነሣው። እዚያም ሰው በፖለቲካ ይገደላል፤ ምሳሌው ራሱ ይመሰክራል። ልዩነቱ ከሞት በኋላ የሚቀረው ነገር ላይ ነው።

«አምባቸው የኢሕአዴግ ሰው ነበሩ፣ ምን የሚወሳ አላቸው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በኢሕአዴግ ዘመን ሚኒስትር ነበሩ። የኮንዶሚኒየምና የመሬት ካሣ ጉዳይ የአገር ራስ ምታት በሆነበት ሰዓት ያንን መሥሪያ ቤት መርተዋል። ይጠየቁበት እንጂ! ጻድቅ ይሁኑ አላልኩም። የምለው፣ ያልተጻፈ ሕይወት ሊመሰገንም ሊወቀስም አይችልም ነው። የሚቀረው ሰማዕት ወይም ባንዳ ማለት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በሁለቱ ቃላት ብዙ ደም ከፍለናል። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 አቶ ግርማ የሺጥላ ሲገደሉም ያዘነና የተሳለቀ ነው የታየው፤ ስለ ሥራቸው የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወንበሩ ነው። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ድረስ ዶክተር አምባቸው፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ ተፈራርቀውበታል። አራት ዓመት ተኩል፣ አምስት ርዕሰ መስተዳድር። የሚኒሶታው ገዥ ቲም ዋልዝ ሥራ የጀመሩት ከዶክተር አምባቸው ሁለት ወር ቀደም ብለው ነው፤ በ2022ም ሕዝቡ ደግሞ መረጣቸው። አንድ ሰው ያቀደውን ሳይጀምር ከተነሣ፣ የአርብ ገበያ ገበሬ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ማንን ይጠይቅ? ቀዳሚው «ጀምሬው ነበር» ይላል፣ ተከታዩ «አዲስ ነኝ» ይላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ናቸው። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብለን አሳድገናቸዋል። አሁን ደግሞ ከጋይንት ተነሥቶ እዚያ ወንበር ላይ የደረሰው ሰው ታሪክ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በጥይት ከሆነ፣ ጎበዝ የሆነው ልጅ ከሕዝብ ሥራ ይሸሻል። ወይም መሣሪያ ከያዘው ጋር መሰለፍ ብቻ ያዋጣል ብሎ ያምናል። ሁለቱም ለጋይንት ኪሣራ ነው።

ስለዚህ እላለሁ። አብረዋቸው የተማሩ፣ ያስተማሯቸው፣ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በሕይወት አሉ። የሚያውቁትን ይናገሩ፣ ወጣቶቹም በስልካቸው ይቅረጹ፤ ክፉውንም ደጉንም። የክልሉ ምክር ቤትም የእነዚያን 106 ቀናት ቃለ ጉባኤና ውሳኔ አሳትሞ ለየወረዳው ቤተ መጻሕፍት ይላክ። ዛሬ ወንበር ላይ ያሉትንም ቢሆን ከየትኛው ጎራ እንደሆኑ ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደወሰኑ እንጠይቅ።

በመጪው ሰኔ 15 ሻማውን የምትለጥፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለጥፉ። ከሥሩ ግን ዶክተር አምባቸው በሕይወት ሳሉ ከሠሩት ነገር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ የምታውቁትን አንድ መስመር ጨምሩበት።