ሬዚስተር አላቂ ዕቃ ይባልልን

እንደሚታወቀው በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ መምህርነት ክብር፣ ስለ ሰዓት አከባበርና ስለ ጥናት ዘዴ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከገብስ ፍሬ ብዙም ስለማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ሬዚስተር ይባላል። ይህ ዕቃ በንብረት ክፍል መዝገብ ላይ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችሁ የጸሐፊዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ነገ በየገጠሩ የምናስተምራቸው ልጆች ኤሌክትሪክን በእጃቸው ይዳስሱታል ወይስ ሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ ያዩታል የሚለው ነገር የሚወሰነው እዚያ ዓምድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጀማሪ ተማሪዎች የተዘጋጁ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሳጥኖች፣ «ኪት» የምንላቸው ማለት ነው፣ አሁን አሁን በየትምህርት ቤቱ አልፎ አልፎ ይታያሉ። ሳጥኑ ሲከፈት ብሬድቦርድ የሚባል ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ፣ ባለ ቀለም ሽቦዎች፣ ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች፣ ሬዚስተሮች፣ አንዳንዴም አርዱዊኖ የተባለች በፕሮግራም የምትታዘዝ ካርድ ይገኙበታል። ሰው እነዚህን ይዞ በነፃነት የሚሠራበትን ክፍል ፈረንጆቹ ሜከርስፔስ ይሉታል። እኔ የመሥሪያ ክፍል እለዋለሁ። በአገራችንም ያልታየ ነገር አይደለም፤ ስቴምፓወር የሚባለው ድርጅት ቢሾፍቱ ላይ ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያሉ ማዕከላትን አስፋፍቷል፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የስቴም ማዕከል አለው። መልካም ነው። ነገር ግን ከዱርቤቴ ገጠር ያለ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከብት ማገዱን ትቶ፣ በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ሽቦ ሰክቶ ሊመለስ ነው? አይሆንም። የመሥሪያ ክፍሉ ወደ ልጁ መምጣት አለበት፤ ይዞት የሚመጣውም መምህሩ ነው፣ ማለትም እኛ።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት በአንድ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን) እንዲህ ያለ ኪት ነበር። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጦ። እንዲከፈትልኝ ብለምን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የመለሱልኝ ይህን ነው፦

«የኔ ልጅ፣ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ እኮ ነው። ሠላሳ ሬዚስተር ይላል። ልጆቹ ሃያ ዘጠኝ ቢመልሱልኝ አንዷን ከየት ላምጣ? ከደመወዜ ነው የምትቆረጠው።»

ጋሼ ልክ ናቸው! እኔ በእርሳቸው አልፈርድም። የተጻፈባቸውን ዕቃ መጠበቅ ሥራቸው ነው፤ ቢጎድል የሚጠየቁት እርሳቸው እንጂ ኪቱን የሰጠው አካል አይደለም። ጥፋቱ ያለው የሠላሳ ሬዚስተር ቆጠራ ከጠረጴዛና ከወንበር ቆጠራ ጋር በአንድ ዓምድ መዋሉ ላይ ነው። ቋሚ ዕቃ ሲባል ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ የሚገኝ ነው። አላቂ ዕቃ ደግሞ በሞዴል 22 አንዴ ወጪ ከሆነ በኋላ ሥራ ላይ ውሎ ያልቃል። ጠመኔ ስላለቀበት ከደመወዙ የተቆረጠበት መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታዲያ ሬዚስተር፣ ኤልኢዲና የመሰኪያ ሽቦ ከጠመኔ በምን ይለያሉ? እግራቸው ይሰበራል፣ ይቃጠላሉ፣ ወለል ላይ ወድቀው ይጠፋሉ። ለዚሁ ነው የተሠሩት።

«እንዲቃጠል የተሠራ» ስል የሚያስቀው ይኖር ይሆናል፤ ግን የብሬድቦርድን ጠባይ ያየ ሰው ይረዳኛል። ከፕላስቲኩ ሥር አምስት አምስቱ ቀዳዳ በአንድ ቁራጭ ብረት የተያያዘ ነው፤ በመካከል ቦይ አለ፤ በዳርና በዳር ያሉት ረጃጅም መስመሮች ለባትሪው ፕላስና ማይነስ ናቸው። ብየዳ የለም፣ ይሰካል፣ ይነቀላል። አንዲት ተማሪ የኤልኢዲውን ሁለት እግር በአንድ ረድፍ ብትሰካቸው መብራቱ አይበራም። ለምን? ጅረቱ በውስጥ ባለው ብረት አቋርጦ ስለሚሄድ በመብራቱ ውስጥ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም። እግሩን ገልብጣ ብትሰካም አይበራም፤ ረጅሙ እግር ወደ ፕላስ መዞር አለበት። ሬዚስተሩን ትታ በቀጥታ ከባትሪ ብታገናኘው ደግሞ ቦግ ብሎ ሊቃጠል ይችላል። በእነዚህ ሦስት ስሕተቶች ውስጥ ያለው ትምህርት እኛ በሁለት ክፍለ ጊዜ በጠመኔ ከምናስረዳው ይበልጣል። የተቃጠለችው ኤልኢዲ የትምህርቱ ዋጋ ናት። ዋጋውን ላለመክፈል ሳጥኑን የቆለፈ ሰው ትምህርቱንም አብሮ ቆልፏል።

ሒሳቡም ቢሆን የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ሦስት የባትሪ ድንጋይ ተቀጣጥለው 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። 2.5 ቮልት ይተርፋል። ይህን ትርፍ የሚሸከመው ሬዚስተሩ ነው፤ 220 ኦም ከሆነ፣ 2.5 ለ220 ሲካፈል 0.011 አምፔር፣ ማለት 11 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል። ለዚህች መብራት የሚስማማት ነው። የኦም ሕግ ማለት ይኸው ነው። እኛ ሦስት ፊደል በሦስት ማዕዘን ውስጥ ጽፈን፣ አንዱን በጣት ሸፍነን፣ ለፈተና ሸምድደነው መጣን እንጂ ፊደሎቹ ምን እንደሚሠሩ የነገረን የለም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጌኦርግ ኦም ራሱ መምህር ነበር። ሙከራዎቹን የሠራው በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ ሲሆን፣ ውጤቱን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። (የቁልፍ ሠሪ ልጅ ከፍቶ የሰጠንን እኛ መልሰን ቁልፍ ውስጥ ማስገባታችን ይገርመኛል።)

ኪት ባይኖርስ? ይህ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ኪት ቀርቶ መብራትም ላይኖረው ይችላል። ብሬድቦርድ የሚለው ስም የመጣው ከዳቦ መቁረጫ ሳንቃ ነው። የጥንቶቹ ሬዲዮ ሠሪዎች ከማዕድ ቤት ሳንቃ አምጥተው፣ ሚስማር መትተው፣ ሽቦውን በሚስማሩ ላይ እየጠመጠሙ ነበር የሚሞክሩት። ስለዚህ ሳንቃና ሚስማር የድሃ ምትክ ሳይሆን የዕቃው አባት ነው። በደቡብ አቸፈር በየትኛው ቀበሌ ነው ሳንቃና ሚስማር የማይገኘው? ማብሪያና ማጥፊያውን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ መሥራት ይቻላል። መብራቱ ከተበላሸ የፀሐይ ፋኖስ ይወጣል፤ ፋኖሱ ሲሞት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ወይም ማብሪያው እንጂ ኤልኢዲዎቹ አይደሉምና። ከአሮጌ ሬዲዮ ደግሞ ድምፅ ማጉያ፣ ማግኔት፣ ሬዚስተር፣ ኮንደንሰር ይገኛል። ዱርቤቴም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ መራዊ፣ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች አሉ። ካቻቢቴና ቴስተር ይዘው የሚውሉት እነርሱ ከብዙዎቻችን ይልቅ የኦም ሕግን በጣታቸው ያውቁታል፤ ስሙን ላያውቁት ይችላሉ እንጂ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋብዘን በክፍላችን ቢያስተምሩን ምን ክብር ይቀንስብናል?

ማስጠንቀቂያውን ግን ሳልናገር አላልፍም። ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ለልጅ መለማመጃ አይደለም፤ ይገድላል። ባለ ትልቅ መስታወት የድሮ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም በውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ተማሪ አይክፈተው። የሞባይልና የፋኖስ ባትሪ አይወጋም፣ አይቀጠቀጥም፤ እሳት ይፈጥራል። በክፍል ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ብቻ።

ሌላው፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ የቡድን ሥራ ጉዳይ ነው። ለአምስት ሰው አንድ ሳጥን ሲሰጥ ሽቦውን ማን እንደሚይዝ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወንዶቹ ይሰካሉ፣ እኛ ሴቶቹ «ጽሕፈትሽ ያምራል» እየተባልን ሪፖርቱን እንጽፋለን። እንዲህ ሆኖ ተመርቃ የወጣች መምህርት ነገ ሳጥኑን ለተማሪዎቿ ለመክፈት እጇ ይፈራል፤ ቁልፉ በንብረት ክፍል ብቻ ያለ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒቱ ዕቃው ለሁለት ሰው አንድ እንዲሆን ነው። ይህም የሚቻለው ሬዚስተሩ ከተፈታ ብቻ ነው።

አርዱዊኖንስ ምን እናድርገው የሚሉ አሉ። ይህች ካርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር ኢቭሪያ በተባለች ከተማ የተጀመረችው የምህንድስና ትምህርት የሌላቸው የዲዛይን ተማሪዎች በርካሽ እንዲሠሩባት ታስቦ ነው፤ ንድፏም ክፍት ስለሆነ ማንም አስመስሎ ሊሠራት ይፈቀድለታል። እርሷ በእውነት ቋሚ ዕቃ ናት፤ ትቆጠር፣ ይፈረምባት። ግን ትሥራ! የቆጋ መስኖን እናንሣ፤ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ ተብሎ መራዊ አጠገብ የተሠራ ነው፤ ውኃ መቼ ይለቀቅ፣ ማን ቀድሞ ያጠጣ የሚለው ክርክር ለአካባቢው ልጆች አዲስ አይደለም። ሁለት ሚስማር አፈር ውስጥ ተክሎ በሬዚስተር በኩል ከአርዱዊኖ ጋር ቢያያዝ፣ ካርዷ የአፈሩን እርጥበት ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ትናገራለች፤ አፈሩ ሲርስ ጅረት ይበልጥ ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ያግዳል። ሚስማሩ ከጊዜ በኋላ ይበላል፤ ለምን ይበላል የሚለው ደግሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ሆኖ ይወጣል። አባቱ በጣቱ አፈር ጨብጦ የሚያውቀውን ልጁ በቁጥር ሲያነብ፣ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ።

«ይህ ሁሉ መጫወቻ ነው፣ ኮርሱን ማን ይጨርሳል?» የሚሉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ አክብሬ ነው የምመልሰው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ኮርስ በሰዓቱ ያልቅ ነበር፤ ታላላቆቻችን ሙከራውን ሌላ ሰው ሲሠራው በመስኮት እንደሚያይ ሰው አይተው አለፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ጥሩ ጅምር ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለን ተመዝግበንበታል። ይሁን እንጂ ስክሪን ላይ ሽቦ አይላላም፣ ባትሪ አይደክምም፣ የዛገ ሚስማር ጅረት አያግድም። ልጁ የሚኖረው የላላ ሽቦ ባለበት ዓለም ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮቢት የምትባል ትንሽ ካርድ ለአንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎቻቸው ሲያድሉ፣ የሰጡት ለልጁ ለራሱ ነው፤ ቤቱ ይዟት እንዲገባ። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም፤ ግን የአንዲት ሬዚስተር አቅም አጣን?

እንግዲህ በተቋማችን እንዲደረግ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሬዚስተር፣ ኤልኢዲ፣ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ ከጠመኔና ከወረቀት ጋር በአላቂ ዕቃ ዓምድ ይግቡና ለሳይንስ ክፍሉ አንዴ ወጪ ይሁኑ። ብሬድቦርዱና ካርዱ በቋሚነት ይመዝገቡ፤ ተረኛ ሠልጣኝ ፈርሞ ይውሰድ፣ ፈርሞ ይመልስ። ዕቃው ባይበቃ ሳንቃና ሚስማር ከእኛ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይከፈትልን፤ አንድ መምህር ቢገኙልን ደስ ይለናል፣ ባይመቻቸውም ተራ ገብተን ራሳችን ኃላፊነቱን እንወስዳለን። በዚህ የሚስማሙ ሠልጣኞች ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ስማቸውንና ክፍላቸውን ይጻፉ፤ የማይስማሙም ምክንያታቸውን ከጎኑ ይለጥፉ፣ አነበዋለሁ። ቤቱ የተበላሸ ፋኖስ ወይም ሬዲዮ ያለው ለዕረፍት ሲሄድ ይዞ ይምጣ። ሽቦ የምንልጥበት ፒንሳ እኔ አለኝ።