ዶሜን ከመግዛታችሁ በፊት

በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ የምትኖሩ እናቶችና እህቶች፣ ማር ወይም ጥልፍ በድረ ገጽ ለመሸጥ «ሐይቅ» የሚል ስም ብታስቡ፣ ሌላም ሰው አስቦት ይሆናል። የዶሜን ሻጩ አድራሻው አለመያዙን እንጂ የሌላ ሰው የንግድ ምልክት መሆን አለመሆኑን አይመረምርም። ባለምልክቱ ቢከስስ አድራሻውም፣ የለፋችሁበት ደንበኛም ሊቀር ይችላል።

የስም ጣጣ ለአገርም ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. «ሲዳሞ»ን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ፣ ስታርባክስ ስሙን የያዘ ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ስለነበር እንቅፋት ገጠማት። ስምምነት የተደረሰው በ1999 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አስቀድማችሁ ስሙን በኢንተርኔት ፈልጉ፤ በድምፅ የሚመሳሰለውንም አትለፉ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ። የንግድ ፈቃድ ማውጣት ብቻውን ምልክት ማስመዝገብ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። ለማሸጊያ ገንዘብ ሳታወጡ አጣሩ።