የሕክምናው ግብ በታካሚው ቃል ይጻፍ

በኦኩፔሽናል ቴራፒ የታካሚውና የቤተሰቡ ፍላጎት ሲጋጭ፣ ባለሙያው የማንን ቃል ማስቀደም እንዳለበት የማያሻማ አሠራር ያስፈልጋል።

ግጭቱ ከሙያው ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ሥራው ሰው ራሱን ችሎ እንዲለብስ፣ እንዲታጠብ፣ እንዲጎርስና ወደ ሥራው እንዲመለስ ማገዝ ነውና። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ያደከመባቸው እናት ቡና አፍልተው በአንድ እጃቸው መቅዳትን መልመድ ይሹ ይሆናል። ልጆቻቸው ግን «እኛ እያለን ለምን ይደክማሉ?» ይላሉ። አባባሉ ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን እናትን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ማድረግ ነው። የፈላ ጀበና አደጋ እንዳለው አይካድም። መፍትሔው ግን ክልከላ አይደለም፤ ረከቦቱን ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ጀበናውን ሳይሞሉ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማለማመድ ይቻላል።

ሕጉም ከታካሚው ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ የራስን ምርጫ የማድረግ ነፃነትን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጓል። ወጪውን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ መሆኑ ባለሙያውን ወደ ከፋዩ ሊያዘነብለው ይችላል፤ ገንዘብ መክፈል ግን በሌላው አካል ላይ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም።

ስለዚህ የሕክምና ተቋማት ቤተሰብን ከማማከራቸው በፊት ታካሚውን ለብቻው ይጠይቁ፤ ግቡንም በካርዱ ላይ በራሱ ቃል ያስፍሩ። ታካሚው ሐሳቡን መግለጽ ካልቻለና ቤተሰብ ከወሰነለት፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሐሳቡን መግለጽ ሲጀምርም ውሳኔው እንደገና ይታይ።