ማሸጊያ ጥገና አይደለም
ብዙ ኪሎ ሜትር የሮጠ ፒካፕ ውሃ ሲያንጠባጥብ ማሸጊያ ጨምሮ፣ ቴርሞስታቱን አውልቆ መንዳት ይበቃል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ምክሩ ርካሽ ነው፤ ቴስታታው ሲጣመም ግን ዋጋው ይታያል።

ጸሐፊው ከፍታውን ዘንግተዋል። አቃቂ በሰቃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ እዚህ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ በዚያው ሙቀት አካባቢ እየሠራ ውሃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለያዘ ነው። የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ታዲያ ውሃ ብቻ አያጎድልም፣ ግፊቱንም ይለቃል። ጭነት ይዞ ከአዳማ ሽቅብ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣ አሮጌ ሃይሉክስ መንገድ ላይ የሚፈላው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ማሸጊያውስ? ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከወረደ ፓምፑ ይቀየራል፣ አለቀ። ማሸጊያው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ደፍኖ ይቀመጣል። ቴርሞስታት የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ በወጉ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይበላል። (ይህንንም «ቁጠባ» ብለውታል!)

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ቦታ የግፊት መሞከሪያ ግጠሙ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ሙሉና መርፌውን ጠብቁ። ከወረደ ማኒኮቶውን፣ ፓምፑን፣ የራዲያተሩን ጠርዝ በባትሪ ፈትሹ። ውጭ ምንም ካልታየ የሞተር ዘይቱን እዩ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃው የሚገባው በቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሆን አይቀርም፤ መኪናውን ሳትነዱ ወደ ጋራዥ አስጎትቱት።