የኢሱዋ ዓለት ሙግት፦ የሕይወት አሻራ ወይስ የዓለት ሽብሽብ?

በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ኢሱዋ በተባለ ስፍራ፣ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ዓለት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ምድር ተመራማሪው አለን ነትማንና ባልደረቦቹ በዚህ ዓለት ውስጥ ስትሮማቶላይት፣ ማለትም ረቂቅ ተሕዋስያን በባሕር ወለል ላይ ድርብ በድርብ የገነቡትን ጉብታ፣ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አቢጌል ኦልዉድና ባልደረቦቿ ዓለቱን መርምረው ማስረጃው አይበቃም አሉ። ሁለት ጸሐፊዎቻችን ጎራ ለይተው ይሟገታሉ።

የሕይወት አሻራ ነው

በረዶ ቀልጦ ባጋለጠው የዓለት ገጽ ላይ ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ጉብታዎች ይታያሉ። ግርጌያቸው ዝርግ፣ አናታቸው ሾጠጥ ያለ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን ከቅርጻቸው ይልቅ በመካከላቸው ያለው ደለል ነው፤ ጎናቸውን ተደግፎ ተነባብሯል። ደለሉ ሲመጣ ጉብታዎቹ ቀድመው ቆመው ነበር ማለት ነው። ጉብታዎቹ የያዙት ዶሎማይት የተባለ ማዕድን ኬሚካዊ ይዘትም የባሕር ውኃን ጠባይ ይዟል። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ፣ ተሕዋስያን ዛሬም ስትሮማቶላይት ይሠራሉ። የሥነ ምድር ተመራማሪው ሚኒክ ሮዚንግም በ1999 እዚያው ኢሱዋ ውስጥ የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ካርቦን ማግኘቱን ጽፏል። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው፤ ሕይወት ቶሎ ጀመረ ቢባል ምኑ ያስደነግጣል?

አይደለም

ነጠላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከሁለት ጫፍ ወደ መሐል ይግፉት። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ተራ የያዙ ጉብታዎች ይመስላል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ረዣዥም ሽብሽብ። ኦልዉድም ዓለቱን በሌላ ጎኑ አየችው። ከፊት ሾጣጣ የመሰለው ወደ ውስጥ የተዘረጋ ሸንተረር ሆኖ ተገኘ፤ የተዘረጋውም ዓለቱ በተሳበበት አቅጣጫ ነው። የስትሮማቶላይት መታወቂያ የሆነው ውስጣዊ ድርብርብም አልታየም። ተመራማሪዋን ተጠራጣሪ ብቻ እንዳንላት፣ በ2006 በምዕራብ አውስትራሊያ ስላሉት የፒልባራ የ3.43 ቢሊዮን ዓመት ስትሮማቶላይቶች የሕይወት ሥራነት የተሟገተችው ራሷ ናት። ወዳጄ በምስክርነት የጠሩት ሮዚንግም በ2018ቱ ጥናት ላይ ስሙን ከእሷ ጋር አስፍሯል።

መልስ

ምስክሬን ነጠቁኝ! ግን ያ ጥናት የተሟገተው ስለ ጉብታዎቹ እንጂ ስለ ካርቦኑ አይደለም። ኢሱዋ ታሽቶ የተጨፈለቀ ዓለት ነው፤ በውስጡ ያለ ስትሮማቶላይትም አብሮ መሳቡ አይቀርም። የተጨፈለቀ ማሰሮ፣ ማሰሮ አልነበረም አይባልም።

የመልስ መልስ

አይባልም። ግን ስባሪውን ማሰሮ ነበር የምንለው አንገቱ ወይም ጆሮው ሲገኝ ነው፤ እዚህ አንገቱ ውስጣዊ ድርብርቡ ነበር፣ እሱም አልታየም። ጉዳዩ ከኢሱዋም ያልፋል፤ ኦልዉድ በማርስ ላይ ባለው ፐርሴቨራንስ በተባለው ተሽከርካሪ ውስጥ ዓለትን በኤክስሬይ የሚመረምረውን መሣሪያ የሥራ ቡድን መርታለች። እዚያ መዶሻ ይዞ ዓለቱን የሚዞር ሰው የለም። ዞሮ ማየት በሚቻልበት ምድር በአንድ ገጽ ከፈረድን፣ ማርስ ላይ ሾጣጣ ጉብታ ሲገጥመን ምን ልንል ነው?