የሰፈር ጸጥታ ጠባቂ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየከተማው ፖሊስን የሚረዱ የሰፈር ጸጥታ ጠባቂዎች ሠልጥነው መመረቃቸውን በየጊዜው በጋዜጣ እናነባለን። ምርቃቱ ደግ ነው። ዳሩ ግን ከምርቃቱ ማግሥት እነዚህ ሰዎች ምን እንዲሠሩ እንደ ተፈቀደላቸውና ምን እንዳይሠሩ እንደ ተከለከሉ ለነዋሪው በግልጽ ሲነገር አልሰማሁም። እኔ የምኖረው በሐዋሳ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚሁ ከተማ ኑሮ ጋር አገናኝቼ ጥቂት አስተያየት ለማቅረብ እወዳለሁና በገጽዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለእያንዳንዱ ደጃፍ ፖሊስ ሊያቆም የሚችል አገር እንደሌለ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከጸጥታ ሥራ ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል ያገሩ ሰው ለአውጫጭኝ፣ ባንዳንዱም አገር አጠራር ለአፈርሳታ፣ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይያዝ ነበር። ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነም ካሣውን ሁሉም በጋራ ይከፍላል። ይህ ሥርዐት ሌባውን ቢያስፈራም ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አብሮ የሚያስቀጣ ስለ ነበረ የሚናፈቅ አይመስለኝም። በሲዳማ በኩል ያለው ልማድ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ «አፊኒ» ይባባላሉ፤ ይኸውም «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ በሚገባ ሳይሰማና ሳይመከርበት ወደ እርምጃ አይኬድም። መተዳደሪያ ደንባቸውንም «ሴራ» ይሉታል። (ቃሉ በአማርኛ ተንኰል ማለት ስለ ሆነ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ መጀመሪያ ሲሰማው መደንገጡ አይቀርም።)

በከተማ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለን። በ1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። በ1969 ዓ. ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ሥልጣናቸው እንዲሰፋ ተደረገ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች የተባሉት የሰፈር ሰዎች ጠመንጃ ተሰጣቸው፤ ቤት መፈተሽ፣ ሰው መያዝና ማሰር ቻሉ። ከዚያም በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን የሆነውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውን ከቤቱ እየወሰዱ የማያስመልሱት ከሩቅ የመጡ ብቻ አልነበሩም፤ ልጆቹን በስም የሚያውቁ፣ በእድር አብረውት የሚቀመጡ ጎረቤቶችም ነበሩባቸው። ወደ ኋላ መጥቶ የቀረው «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቢሆንም ብዙ ሰው ለልማት ከመሆኑ ይልቅ ለመከታተያ የቆመ አድርጎ ስላየው የሰፈር አደረጃጀት የሚለው ቃል ራሱ በጥርጣሬ እንዲሰማ አድርጓል። እንግዲህ የዛሬው የሰፈር ጠባቂ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው በራችንን የሚያንኳኳው።

ሌሎች ይህን ችግር በምን መንገድ ሊያቃልሉት እንደ ሞከሩ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በ2002 እ. ኤ. አ. በወጣው የፖሊስ ማሻሻያ ሕግ የማኅበረሰብ ረዳቶች ለፖሊስ ተቀጥረዋል። ደንብ ልብስ አላቸው፣ ደመወዝም ይከፈላቸዋል፣ እንደ ፖሊስ ሰው የማሰር ሥልጣን ግን የላቸውም። ሥራቸው በአመዛኙ በእግር እየዞሩ መታየት፣ ሰውን ማወቅና የሚያውቁትን ለፖሊስ ማድረስ ነው። በእኛም አገር በአማራ ክልል በየቀበሌው አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ መድቦ ከእርሱ ጋር የአማካሪ ምክር ቤትና የግጭት አስታራቂ ኮሚቴ ማቆም ተሠርቶበታል። በዚህኛው ሥርዐት ኀላፊነቱ በአንድ በሚታወቅ ፖሊስ ላይ ይወድቃል፤ ነዋሪው ይረዳዋል እንጂ አይተካውም። ለእኔ ትክክለኛው ድንበር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሆነ ዕድሜዋ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሰው፣ ቀጥሎ የደቡብ ክልል ሠራተኛ፣ ከሰኔ 2012 ዓ. ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል መንግሥት ሠራተኛ ገብቶባታል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ. ም. ከተመረቀ ጀምሮ ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታና ከሌላውም አገር ብዙ ሺሕ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ መጥተው ሦስትና አራት እየሆኑ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አገራችን በ2014 ዓ. ም. ከአጎዋ ገበያ ስትወጣ ሥራው ቢቀዘቅዝም ተከራዩ ከየግቢው አላለቀም።

ታዲያ በእንዲህ ያለች ከተማ «ጸጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» የሚለው ትእዛዝ ምን ማለት ነው? ሁሉም ሰው ከሌላ ቦታ በመጣበት ሰፈር ጸጉረ ልውጡ ማን ነው? ባለፈው ክረምት በምኖርበት ሰፈር ሮንድ የወጡ ሁለት ጎልማሶች አንድ ወጣት አስቁመው፣ ቦርሳውን በርብረው፣ ካንድ ሰዓት በላይ በዝናብ ካቆሙት በኋላ ልጁ ከእነርሱ ቤት አርባ እርምጃ በማይሞላ ግቢ ውስጥ ለሰባት ወር የኖረ ተከራይ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። አንደኛው በዚያው ሰሞን የኤሌክትሪክ እሳት በተነሣበት ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ የጎረቤት ልጆች ያተረፈ ነው። ነገር ግን እነርሱ የሚያውቁት ባለቤቶችን ነው፤ ባለቤቶችን በእድር፣ በለቅሶ፣ በቀበሌ ስብሰባ ያገኟቸዋል። ተከራይ እድር የለውም፤ ስብሰባም አይጠራም። በመሆኑም ሰፈሩን የሚጠብቁት ሰዎች ከሰፈሩ ነዋሪ ብዙውን አያውቁትም።

ጉዳቱ ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ከሌባና ከደፋሪ ይበልጥ የሚያስፈራቸው ከማታ ፈረቃ የሚመለሱት ሴቶች ናቸው። መኪናው ዋናው አስፋልት ላይ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ መብራት የሌለው ቅያስ ይጠብቃቸዋል። ጥበቃው በይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ሲሆን ተጠርጥረው የሚቆሙትም እንደ እነርሱ ያሉት ተከራዮች ይሆናሉ። በሰኔ 2010 ዓ. ም. በከተማችን የተነሣውን ግጭት ማስታወስም ግድ ነው። የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተፈናቅሏል። በእንዲያ ያለ ቀን «እንግዳ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚለወጥ አይተናል። የሰፈር ጠባቂዎች ከአንድ ወገን ብቻ ተመርጠው እንደ ሆነ በሰላሙ ቀን ለማንም የማይታየው ጉድለት በክፉው ቀን ይታያል።

ስለ ሥልጣናቸው ሕጉ ዝም አላለም። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 50 ማንኛውም ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጸም እጅ ከፍንጅ ካገኘ ወንጀለኛውን ሊይዝ እንደሚችል ደንግጓል። ከያዘ በኋላም ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ይህ ለእኔም፣ ለእርስዎም፣ ለሊስትሮውም የተሰጠ መብት ነው። ሠልጥኖ ሰደርያ መልበስ በዚህ ላይ አንዳች አይጨምርም። ቦርሳ መበርበር፣ መታወቂያ መቀማት፣ ቤት ገብቶ መፈተሽ ከዚህ ውጭ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ አካልና ንብረት ያለ አግባብ ከመመርመር ይጠብቃል። ብዙዎቹ የሰፈር ጠባቂዎች ይህን ቢያውቁ ራሳቸውም ከክስ ይድኑ ነበር። አንድ ሰው በስሕተት ቢቆስልባቸው ማን ይቆምላቸዋል?

በሌላ በኩል ያለ ሥልጣን ምን ይሠራሉ የሚል ይኖር ይሆናል። ብዙ ነው የሚሠሩት። የትኛው ቅያስ መብራት እንደ ጠፋበት ማስታወቅ፣ ባልና ሚስት ከመደባደባቸው በፊት ሽማግሌ መጥራት፣ ፈረቃው በሚወጣበት ሰዓት ከአስፋልቱ እስከ ውስጥ ድረስ ፊሽካና ባትሪ ይዞ መቆም፣ ስልክ ደውሎ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የሆነውን በዐይን መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ዱላም ጠመንጃም የማይጠይቁ ናቸው። እኔ ሳየው ፖሊስ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ፖሊስ የጎደለው ሰፈሩን ማወቅ ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል ልበል። በየወሩ ለጥበቃ እየተባለ ከየግቢው የሚሰበሰበው መዋጮ ብዙ ጊዜ ያለ ደረሰኝ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታችን ለአንዲት ብር ሞዴል 64 ቁረጡ እያልን ባለጉዳይ እናጉላላለን፤ ማታ በራችን ላይ ግን ዝም ብለን እንሰጣለን። ያልከፈለ ግቢ ሮንዱ እንደማያልፍበት የሚነገርም ወሬ አለ። ወሬው እውነት ባይሆን እንኳ ደረሰኝ ቢኖር ባልተወራ ነበር። ጠባቂዎቹ አበል የሚገባቸው ከሆነ ከከተማው አስተዳደር በጀት ተቈርጦ በግልጽ ይከፈላቸው።

ስለዚህ የከተማው ፖሊስና የክፍለ ከተሞቹ ጽሕፈት ቤቶች እንዲያስቡበት የምለምነው ይህን ነው። ከሚመረጡት ጠባቂዎች መካከል ተከራዮችና የፋብሪካ ሴቶች ይኑሩበት። የእያንዳንዱ ጠባቂ ስም፣ ፎቶግራፍና ተጠሪ የሆነው ፖሊስ ስልክ ቁጥር በየግቢው በር ላይ ይለጠፍ። ከሥሩም ጠባቂው ሊያደርግ የማይችለው ነገር በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በወላይትኛ ይጻፍ። ወረቀቱ በፊተኛው በር ብቻ ሳይሆን ተከራዮች በሚገቡበት በጓሮው በርም ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሐዋሳ