ለ«ሦስት ወረቀት» 45 ሺህ ብር?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው። አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን አባት እዚሁ ደብረ ብርሃን ለልጃቸው ቤት ሊያሠሩ ነው። 120 ካሬ ላይ የሚያርፍ፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ፎቅ የሌለው ቤት። አርክቴክት አናገሩ፤ 45 ሺህ ብር ጠራባቸው። «ለሦስት ወረቀት 45 ሺህ ብር! ይሄ ዘረፋ እንጂ ሥራ ነው?» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱማ «ጋሼ፣ እኔ በ5 ሺህ ብር ፕላን የሚያወጣልዎት ልጅ አለኝ» አላቸው።

እኔ ዝም አልኩ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ታላቅም ናቸው። ግን ዝም ማለቴ ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ፤ ምክንያቱም ያንን የ5 ሺህ ብር መንገድ እኔ ሄጄበታለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። እኚህ አባት ለግንባታው የያዙት 3 ሚሊዮን ብር ነው። 45 ሺህ ከ3 ሚሊዮን 1.5 በመቶ ነው። ቦታውን ላገናኛቸው ደላላ ግን 2 በመቶ ከፍለዋል፤ ያኔ «ዘረፋ» አላሉም። የግቢውን የብረት በር በ80 ሺህ ብር አዝዘዋል፤ ያኔም አላሉም። ለበር 80 ሺህ አይቆጨንም፤ በሩ ይታያላ! ሐሳብ ግን አይታይም። የማይታይ ነገር ላይ ብር ማውጣት ያመናል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በ2010 ዓ.ም. በማኅበር ቦታ ስናገኝ በመምህር ደሞዝ የቻልኩትን ሁሉ ልቆጥብ ብዬ፣ አዲስ አበባ ለአንድ ወዳጄ የተሠራ ፕላን ስሙ ተቀይሮ በ6 ሺህ ብር ተሰጠኝ። ማኅተም አለው፣ ፈቃድም ወጣበት። ያወጣልኝ ሰው ቦታዬን በዓይኑ አላየም።

ወረቀቱ ላይ ያለው የመሠረት ጥልቀት ለሌላ አፈር የታሰበ ነው። የእኔ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ደግሞ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተቀመጠበትንም ቤት አብሮ ያነሣዋል ያወርደዋል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ የሳሎኔ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ተሰነጠቀ። የወዳጄ ቦታ መንገዱ በአንድ በኩል፣ የእኔ በሌላ በኩል ስለሆነ ፕላኑን አዞርነው። ስናዞረው መኝታ ቤቶቹ ወደ ሰሜን ሄዱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ እሱ ደግሞ እኛ አገር የውርጭ ወቅት ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ፀሐዩን የሚሞቀው ማድቤቴና ዕቃ ቤቴ ነው፤ ልጆቼ ጋቢ ደርበው ያድራሉ። ለጥገና እስከ ዛሬ ያወጣሁት ከ70 ሺህ ብር አልፏል። ቅዝቃዜው ግን በብር አይጠገንም።

ተማሪዎቼ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ፈተና ላይ ከጎንህ ካለው ልጅ ስትኮርጅ፣ የእሱ ወረቀት ኮድ ሌላ ከሆነ መልሱ ሁሉ ትክክል ሆኖ አንተ ትወድቃለህ። የጎረቤትህም ፕላን እንደዚያው ነው፤ የቦታው ኮድ ሌላ ነው። እዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ አንኮበር ብትደርሱ ቁልቁለት ነው። ለሜዳ የተሠራ ፕላን እዚያ ብታሳርፉ መሬቱን ለመደልደልና ለድጋፍ ግንብ የሚወጣው ብቻ የዲዛይኑን ክፍያ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ተዳፋቱን አይቶ ቤቱን በደረጃ በደረጃ የሚያሳርፍ ባለሙያ ግን ያንን ወጪ ገና ከወረቀቱ ላይ ይቀንሰዋል።

ለመሆኑ አርክቴክት የሚከፈለው ለምንድን ነው? ጀርመኖች የአርክቴክትን ክፍያ የሚያሰሉበት ደንብ አላቸው፤ ሥራውን በ9 ምዕራፍ ይከፍለዋል። ከጠቅላላ ክፍያው ለግንባታ ፈቃድ ማስፈጸሚያው የሚታሰበው 3 በመቶ ነው። ለዝርዝር የሥራ ንድፍ 25 በመቶ፣ ግንባታውን ሳይት ላይ ለመከታተል 32 በመቶ ይታሰባል። አያችሁ? እኛ «ፕላን አወጣሁ» ብለን የምንገዛው ያችን 3 በመቶ ነው። ማዘጋጃ ቤት የምታሳልፈንን ወረቀት! የቀረውን ለግንበኛው ግምት ትተን፣ ቤቱ ሲሰነጠቅ «ባለሙያ የለም» እንላለን።

ግን የሰውም ብሶት ከሜዳ አልመጣም። 45 ሺህ ብር ለእንደኔ ዓይነቱ የወራት ደሞዝ ነው። ዋጋውን የሚጠራው ባለሙያም ብዙ ጊዜ ለምን እንደሆነ አያስረዳም። ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት ጠይቁ።

ሒሳቡ በካሬ ነው፣ በመቶኛ ነው ወይስ በጥቅል? በካሬ ከሆነ ቤቱ በሰፋ ቁጥር ክፍያው ያድጋል። በመቶኛ ከሆነ የግንባታው ወጪ ሲንር የእሱም ድርሻ ይንራል፤ ስለዚህ ግምቱ አስቀድሞ ይጻፍ። በጥቅል ከሆነ ሥራው የት እንደሚያልቅ ይታወቅ። የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሥራ በዋጋው ውስጥ አለ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ፎቅ ሲጨመር ምድቡም የሚጠየቀው ሥራም ይጨምር ነበር። ስንት ጊዜ ማስተካከል ይቻላል? ስንት ጊዜ ሳይት ይመጣል? መልሱ ይጻፍና ይፈረም። ክፍያውም እንደ ሥራው በየደረጃው ይሁን። ለማኅበርተኞች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ተሰብስባችሁ አንድ አርክቴክት ቅጠሩ፤ መሠረታዊውን ዲዛይን ተካፍላችሁ በየቦታችሁ አፈርና አቅጣጫ ያስተካክልላችሁ። ይሄ ኩረጃ አይደለም፣ በኅብረት መማር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ አርክቴክትና ኢንጂነር ወደሆናችሁት የድሮ ተማሪዎቼ። ስለ እናንተ ስከራከር ደስ ይለኛል። ግን ከመካከላችሁ ቦታውን ሳያይ ማኅተም የሚመታ አለ። መምህር ማርክ ቢሸጥ ምን ትሉት ነበር? ማኅተም መሸጥም ያው ነው። የ5 ሺህ ብሩን ገበያ የፈጠረው የእኛ ንፍገት ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ፊርማ ነው። ፊርማችሁን ስታረክሱት 45 ሺህ የጠራው ቅን ጓደኛችሁ ዘራፊ ይባላል።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኚያን አባት ቤታቸው ሄጄ የተሰነጠቀውን ግድግዳዬን እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መሠረት ሳያስቆፍሩ ቢያዩት ይሻላል።

ቤት የሠራችሁ፣ ለዲዛይን ስንት ከፈላችሁ? በዚያ ብርስ ምን ምን ተሠራላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉት፤ ሌላው ይማርበት።